ላሜራ ሲታጠፍ፦ የውስጥ ራዲየሱን የሚወስነው ማን ነው?

ወደ ብረታ ብረት ወርክሾፕ በሚመጡ ንድፎች ላይ የላሜራው ውፍረት አለ፤ ርዝመቱ፣ ስፋቱና የሚታጠፍበት ማዕዘንም አለ። የመታጠፊያው የውስጥ ራዲየስ ግን ብዙ ጊዜ ወይ ጭራሽ አልተጻፈም፣ ወይም ሶፍትዌሩ ከራሱ አምጥቶ የሞላው ቁጥር ነው። የኤሌክትሪክ ቦርድ ሳጥን የሚነድፍ ባለሙያ 2 ሚሊሜትር ላሜራ መርጦ «ራዲየስ 1» የሚል ንድፍ ሲልክ፣ ያንን 1 አስቦበት የሚጽፈው ከስንት አንዴ ነው። ወርክሾፑም ቁጥሩን አይቶ ያልፈዋል፤ ማሽኑ ላይ የተገጠመው ዳይ፣ ማለትም ላሜራው ተኝቶ የሚታጠፍበት የታችኛው ቅርጽ፣ የሚሰጠውን ራዲየስ ይሰጣል። በመጨረሻ ክዳኑ አልገጥም ሲል ጥፋቱ በቆራጩ ወይም በአጣፊው ላይ ይላከካል።

የውስጥ ራዲየስ በንድፍ ጠረጴዛ ላይ ብቻ ተመርጦ የሚያልቅ ቁጥር አይደለም። የብረቱ ዓይነት፣ ማሽኑ ላይ ያለው ዳይና ዕቃው የሚውልበት ሥራ ሦስቱም ይገቡበታል። ከሦስቱ አብዝቶ የሚረሳው ዳዩ ነው፤ አብዝቶ የሚወስነውም እሱው ነው። ወደ ዳዩ ከመድረሳችን በፊት ግን ብረቱ ራሱ ምን እንደሚሆን እንይ።

ላሜራ ሲታጠፍ የውጪው ፊት ይለጠጣል፣ የውስጡ ፊት ይጨመቃል። በሁለቱ መካከል የማይለጠጥም የማይጨመቅም መስመር አለ፤ ገለልተኛው መስመር ይባላል። መታጠፊያው ሰፊ ሲሆን ይህ መስመር የውፍረቱ መሐል ላይ ይተኛል፤ እየጠበበ ሲሄድ ወደ ውስጠኛው ፊት ይጠጋል። ለግምት ያህል መሐል ላይ ነው ብንል፣ የውጪው ፊት የሚለጠጠው ስንት እንደሆነ በቀላሉ ይሰላል፦ የውስጥ ራዲየሱ ለውፍረቱ ይካፈላል፣ በ2 ይባዛል፣ 1 ይደመርበታል፤ ከዚያ 1 ለዚህ ውጤት ይካፈላል። ራዲየሱ ከውፍረቱ ጋር እኩል ሲሆን የውጪው ፊት በ33 በመቶ ይለጠጣል። የውፍረቱ እጥፍ ሲሆን ወደ 20 በመቶ ይወርዳል፤ የውፍረቱ ግማሽ ሲሆን ወደ 50 በመቶ ይወጣል። ስለዚህ «ራዲየስ 1» የሚለው ቁጥር ብቻውን ምንም አይናገርም። 1 ሚሊሜትር ራዲየስ ለ0.8 ሚሊሜትር ላሜራ ምቹ ነው፤ ለ5 ሚሊሜትር ላሜራ ግን ብረቱን የሚቆርጥ ያህል ነው። መታየት ያለበት ራዲየሱ የውፍረቱ ስንት እጥፍ እንደሆነ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ተራው ጥቁር ላሜራ በመሳቢያ ማሽን ሲሞከር እስኪበጠስ ድረስ የሚለጠጠው 30 በመቶ ገደማ ነው። ታዲያ 33 በመቶ የሚያስለጥጥ መታጠፊያ እንዴት አይሰነጥቀውም? መልሱ ያለው 30 በመቶ የተባለው ቁጥር የመላው ናሙና አማካይ በመሆኑ ላይ ነው። ናሙናው ሊበጠስ ሲል አንድ ቦታ ላይ ይቀጥናል፤ እዚያች የቀጠነች ቦታ ላይ ብረቱ የሚለጠጠው ከ30 በመቶ እጅግ ይበልጣል። በመታጠፍ ጊዜም ብዙ የሚለጠጠው ስስ የሆነው የውጪው ንብርብር ነው፤ ከሥሩ ያለው ያነሰ ስለሚለጠጥ ይዞ ያቆየዋል። ስለዚህ ብረቱ ምን ያህል ለመታጠፍ እንደሚመች በተሻለ የሚነግረን፣ የተበጠሰበት ቦታ ስፋቱ በስንት በመቶ እንደቀነሰ ነው። መሐንዲሶች ከዚህ የሚያወጡት ቀላል ግምት አለ፦ 50 ለዚያ መቶኛ ተካፍሎ 1 ሲቀነስበት፣ ብረቱ ሳይሰነጠቅ የሚችለው ትንሹ ራዲየስ በውፍረት እጥፍ ይገኛል። በ50 በመቶ የሚቀጥን ብረት ራዲየስ ሳይኖረው እንኳ ተጣብቆ ይታጠፋል። በ25 በመቶ የሚቀጥነው የውፍረቱን ያህል ራዲየስ ይፈልጋል፤ በ10 በመቶ ብቻ የሚቀጥነው ደግሞ 4 እጥፍ። ትኩስ እንጀራ እንደ ልብ ይጠቀለላል፣ አድሮ የደረቀው በታጠፈበት በኩል ይሰነጠቃል፤ በብረትና በብረት መካከል ያለው ልዩነትም ይኸው ነው።

ጥቁሩ ላሜራ ከትኩሱ ወገን ነው። ለበርና ለሳጥን የምንጠቀምባቸው ቀጫጭን ላሜራዎች በውፍረታቸው ልክ ራዲየስ ያለ ሐሳብ ይታጠፋሉ። ላሜራው እየወፈረ ከ6 እና ከ8 ሚሊሜትር ሲያልፍ ግን እጥፉም አብሮ ማደግ አለበት፤ በ10 እና በ12 ሚሊሜትር ብረት ላይ 2 እጥፍና ከዚያ በላይ መስጠት ጥንቃቄ ነው። 304 የሚባለው ስቴንለስ ስቲልም በጥሩ ሁኔታ ይለጠጣል፤ የሚያስቸግረው እየታጠፈ ሲሄድ ስለሚጠነክርና ከማሽኑ ብዙ ኃይል ስለሚጠይቅ ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአሉሚኒየም ነው። «አሉሚኒየም ለስላሳ ነው» ይባላል፤ እውነት የሚሆነው ግን በአንዳንዱ ላይ ብቻ ነው። 5052-ኤች32 በውፍረቱ ልክ ወይም በአንድ ተኩል እጥፍ ይታጠፋል። 6061-ቲ6 ግን ለጥንካሬ በሙቀት የታከመ ስለሆነ 3 ሚሊሜትር ላይ ሲደርስ 2 ተኩልና 3 እጥፍ፣ ሲወፍር ከዚያም በላይ ይጠይቃል። ጠበብ ተደርጎ ከታጠፈ ወዲያው፣ ዓይናችን እያየ ይሰነጠቃል። የሚታጠፍ ዕቃ ለመሥራት 6061-ቲ6 የሚመርጥ ሰው ጥንካሬው በእርግጥ ያስፈልገው እንደሆነ ራሱን ቢጠይቅ ይሻላል፤ ብዙ ጊዜ 5052 ሥራውን ይወጣዋል። ለገልባጭ መኪና ካሶኒ የሚውሉት እንደ ሃርዶክስ ያሉ ጠንካራ ብረቶች ደግሞ እንደ ደረጃቸውና እንደ ውፍረታቸው ከ2 ተኩል እስከ 4 እጥፍና ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ፤ አምራቹ የሚሰጠውን ሠንጠረዥ ሳያዩ እነሱን ለማጠፍ መነሳት ለአጣፊውም አደጋ ነው። እንዲህ ያለ ብረት ሲሰበር ተፈናጥሮ ነውና ፊት ለፊቱ መቆም አይገባም።

የብረቱ ዓይነት ብቻ ሳይሆን የሚታጠፍበት አቅጣጫም ይቆጠራል። ላሜራ ፋብሪካ ውስጥ በሲሊንደሮች መካከል እየተዳመጠ ነው የሚቀጥነው። ሲዳመጥ ውስጡ ያሉት ጥቃቅን ቅንጣቶችና ቆሻሻዎች በአንድ አቅጣጫ ይረዝማሉ። የመታጠፊያው መስመር ይህን አቅጣጫ ካቋረጠ ብረቱ ይታገሳል፤ መስመሩ ከአቅጣጫው ጋር ጎን ለጎን ከሄደ ግን ስንጥቁ የተዘጋጀ መንገድ ያገኛል። ስለዚህ ያው አንድ ላሜራ በአንደኛው በኩል በ2 እጥፍ ራዲየስ ደህና ታጥፎ በሌላው በኩል 3 እጥፍ ሊጠይቅ ይችላል። ከጥቅል ተፈትቶ የተቆረጠ ሙሉ ላሜራ ላይ አቅጣጫው ብዙውን ጊዜ በረጅሙ ጎን በኩል ነው፤ ፊቱ ላይ ያሉት ስስ መስመሮችም ይጠቁማሉ። ላሜራ ለመቆጠብ ሲባል ቁርጥራጮቹ ወዲያና ወዲህ ዞረው ሲደረደሩ ይህ ነገር ይረሳል። ለስላሳ ብረት ላይ ጉዳት የለውም። በጠንካራ ብረትና በ6061-ቲ6 ላይ ግን ከተቆጠበው ላሜራ የሚበልጥ ዕቃ ሊጣል ይችላል።

ጠርዙም አለ። ስንጥቅ ከመሐል የሚጀምረው አልፎ አልፎ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው መታጠፊያው ከሚያልቅበት ጫፍ፣ መቀስ ትቶት ከሄደው ሸካራ ጠርዝ ላይ ነው። ሸካራው ጎን ወደ ውስጥ እንዲሆን አዙሮ ማጠፍ፣ ወይም ጫፉን በሞረድ ማለስለስ ምንም ወጪ የሌለው መፍትሔ ነው።

አሁን ወደ ዳዩ እንምጣ። ዛሬ በማጠፊያ ማሽን ላይ በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ላሜራውን የቪ ቅርጽ ባለው ዳይ ሁለት ትከሻዎች ላይ አስተኝቶ ፓንች የሚባለውን የላይኛውን መሣሪያ መጫን ነው። ላሜራው ከዳዩ ወለል ጋር አይገናኝም። የሚነካው ሦስት ነገር ብቻ ነው፤ ሁለቱን ትከሻዎችና የፓንቹን ጫፍ። ማዕዘኑን የሚወስነው ፓንቹ የሚወርድበት ጥልቀት ነው። ራዲየሱን ግን፣ ብዙ ሰው ከሚያስበው በተቃራኒ፣ የፓንቹ ጫፍ አይወስነውም። በሁለት ትከሻዎች መካከል የተንጠለጠለ ላሜራ ሲጫን የራሱን ቅስት ይሠራል፤ የዚያ ቅስት ስፋት የሚለካው በዳዩ አፍ፣ ማለትም በሁለቱ ትከሻዎች መካከል ባለው ክፍተት ነው። ለጥቁር ላሜራ የውስጥ ራዲየሱ ከአፉ ስፋት 16 በመቶ ገደማ ይሆናል። ለስቴንለስ 20 በመቶ ግድም ሲሆን፣ ለለስላሳ አሉሚኒየም ደግሞ ከጥቁር ላሜራው ያንሳል።

ለ2 ሚሊሜትር ጥቁር ላሜራ የተለመደው ዳይ አፉ 12 ሚሊሜትር የሆነው ነው። ከዚህ የሚወጣው የውስጥ ራዲየስ 1.9 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ በውፍረቱ ልክ ማለት ይቻላል። በዚያው ዳይ፣ በዚያው ፓንች፣ 2 ሚሊሜትር ስቴንለስ ሲታጠፍ ግን 2.4 ይወጣል። ንድፉ «ራዲየስ 1» ቢልም ሁለቱም አንድ አይሆኑም። ራዲየሱን ወደ 1.3 ለማውረድ አፉ 8 ሚሊሜትር ወደሆነ ዳይ መሄድ ያስፈልጋል፤ ዋጋው ግን ወዲያው ይመጣል። አፉ 12 በሆነው ዳይ አንድ ሜትር ርዝመት ለማጠፍ 22 ቶን ያህል ይበቃ ነበር፤ አፉ 8 ሲሆን ኃይሉ ወደ 33 ቶን ይወጣል። ኃይሉ የአፉ ስፋት ሲጠብ ይጨምራልና፤ በውፍረቱ ደግሞ በካሬ ነው የሚያድገው። ሦስት ሜትር ርዝመት ያለው በር የሚያጥፍ ወርክሾፕ 66 ቶን ሲያስፈልገው የነበረው 100 ቶን ያስፈልገዋል ማለት ነው። ማሽኑ ካልቻለ ይቆማል፤ ከቻለ ደግሞ ያን ያህል ኃይል በጠባብ ትከሻ ላይ ያርፍና ዳዩን ይጎዳል።

ወደ ሌላውም አቅጣጫ ገደብ አለ። አፉ 16 የሆነ ዳይ ራዲየሱን ወደ 2.6 ያሰፋዋል፣ ኃይሉንም ይቀንሳል። ነገር ግን የሚታጠፈው ክንፍ እስከ መጨረሻው በዳዩ ትከሻ ላይ መቆየት ስላለበት ከአፉ ስፋት 0.7 ያህል ርዝመት ያስፈልገዋል። በ12 ዳይ 8.5 ሚሊሜትር ክንፍ ይታጠፋል፤ በ16 ዳይ 11 ግድም የግድ ነው። አጭር ክንፍ ያለው ዕቃ በሰፊ ዳይ ከተሞከረ ጫፉ ወደ አፉ ውስጥ ይንሸራተታል። ቀዳዳም ቢሆን ከመታጠፊያው ቢያንስ ራዲየሱ ሲደመር የውፍረቱ እጥፍ ያህል ካልራቀ ወደ ሞላላነት ይለወጣል። ሰፊ ራዲየስ የጻፈ ነዳፊ ቀዳዳዎቹንም አብሮ ማራቅ አለበት።

ታዲያ ፓንቹ ምን ይሠራል? የጫፉ ራዲየስ ላሜራው በራሱ ከሚሠራው ቅስት ከበለጠ ላሜራው ፓንቹን ይከተላል፤ ራዲየሱ የፓንቹ ይሆናል። ካነሰ ቅስቱ የራሱን መጠን ይይዛል፤ በጣም ሲያንስ ግን ፓንቹ እንደ ስለት ወደ ላሜራው ይገባል። ለጥቁር ላሜራ አብዛኛው ባለሙያ የሚይዘው ወሰን ከውፍረቱ 63 በመቶ ነው፤ ከዚህ በታች ሲወርድ የውስጥ ራዲየሱ መጥበቡ ቀርቶ መሐሉ ላይ ሰንበር ይወጣል። ሰንበሩ ማዕዘኑን ከዕቃ ዕቃ ያዛባል፤ ውፍረቱ ትንሽ በተለወጠ ቁጥር ፓንቹ የሚገባበት ጥልቀትም ይለወጣልና። ሹል ፓንች ሹል መታጠፊያ ይሰጣል የሚለው እምነት በወርክሾፖች ውስጥ ከሚያጋጥሙ ስሕተቶች ሁሉ የከበደው ይመስለኛል፤ የሚሰጠው የቆሰለ ላሜራ ነው። ከራሱ ከላሜራው ቅስት የጠበበ ራዲየስ ከፓንቹ ማግኘት የሚቻለው ላሜራውን ከዳዩ ጋር ሙሉ ለሙሉ በማተም ነው፤ ይህ ደግሞ በብዙ እጥፍ የበለጠ ኃይል ስለሚፈልግ ዛሬ በጥቂት ሥራዎች ብቻ የቀረ ዘዴ ነው።

ይህ ሁሉ የሃይድሮሊክ ማሽን ላለው ነው። በብዙ ትናንሽ ወርክሾፖቻችን ላሜራ የሚታጠፈው በእጅ በሚነሳ ማጠፊያ፣ ወይም በሞርሳና በሁለት አንግል ብረት መካከል ተይዞ በመዶሻ ነው። እዚያ የውስጥ ራዲየሱ የሚሆነው ላሜራውን የያዘው ብረት ጠርዝ ነው፤ የአንግል ብረት ጠርዝ ደግሞ ስለታም ነው። ለዚህ ችግር ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ጠርዙን በመፍጫ ማክበብ፣ ወይም ላሜራውን የሚይዘውን ብረት የሚፈለገው ራዲየስ ባለው ክብ ዘንግ መለወጥ ይበቃል። በእጅ ማጠፊያው ላይም የላይኛውን መያዣ ቢያንስ በላሜራው ውፍረት ያህል ወደ ኋላ ማስገባት ላሜራው ሳይታነቅ እንዲዞር ቦታ ይሰጠዋል። ይህን የሚያደርጉና የማያደርጉ ወርክሾፖች ሥራ ከሩቅ ይለያል።

ራዲየሱ ሳይታወቅ ላሜራ መቁረጥ ለምን ዕቃ እንደሚያበላሽ በቁጥር እንየው። ላሜራው ተዘርግቶ የሚቆረጥበት ርዝመት የሚሰላው ከገለልተኛው መስመር ነው። መስመሩ ከውስጠኛው ፊት ከውፍረቱ 0.42 ያህል ይርቃል እንበል፤ ለጥቁር ላሜራ የተለመደ ቁጥር ነው። በ2 ሚሊሜትር ላሜራና በ90 ዲግሪ መታጠፊያ፣ ራዲየሱ 1 ከሆነ ከሁለቱ ክንፎች የውጪ ልኬት ድምር ላይ 3.1 ሚሊሜትር ይቀነሳል። ራዲየሱ 1.9 ሲሆን ግን የሚቀነሰው 3.5 ነው። ንድፉ 1 ብሎ ማሽኑ 1.9 ከሰጠ እያንዳንዱ መታጠፊያ 0.4 ሚሊሜትር ትርፍ ይተዋል። በአንድ መስመር አራት መታጠፊያ ያለው የሳጥን አካል 1.6 ሚሊሜትር ይረዝማል፤ ክዳኑ አልገጥም ያለው ለዚህ ነው። ቆራጩ ንድፉን በትክክል ቆርጧል፣ አጣፊውም ማዕዘኑን በትክክል አጥፏል።

ሰፊ ራዲየስስ ሁልጊዜ ደህና ነው? አይደለም። ላሜራ ከታጠፈ በኋላ ኃይሉ ሲነሳለት እንደ ሞላ ትንሽ ይመለሳል። ጠባብ መታጠፊያ ውስጥ ውፍረቱ ከሞላ ጎደል ሁሉም ቅርጹን እስከ መጨረሻው ስለለወጠ የሚመለሰው ጥቂት ነው፤ በውፍረቱ ልክ ራዲየስ የታጠፈ ጥቁር ላሜራ አንድ ዲግሪ ገደማ፣ ስቴንለስ ሁለትና ሦስት ዲግሪ። ራዲየሱ ሲሰፋ ግን ከውፍረቱ መሐል ያለው ብዙው ክፍል ቅርጹን ሳይለውጥ ለጊዜው ብቻ ስለታጠፈ ተመልሶ ይዘረጋል። ራዲየሱ የውፍረቱ 15 እና 20 እጥፍ ሲደርስ መመለሱ በአሥር ቤት ዲግሪዎች ሊቆጠር ይችላል፤ እያንዳንዱም የብረት ጥቅል በራሱ መጠን ይመለሳል። ለማማር ብቻ ሰፊ ቅስት የሚጠይቅ ሰው ይህን ዋጋ አብሮ መክፈሉን ማወቅ አለበት።

ዕቃው የሚውልበት ሥራ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ያመጣል። በዚንክ የተለበጠ ላሜራ ሲታጠፍ ዚንኩም ከብረቱ ጋር መለጠጥ አለበት፤ ጠበብ ተደርጎ የታጠፈ አሸንዳ ዝገት የሚጀምርበት በማጠፊያው መስመር ላይ ዚንኩ በመሰንጠቁ ነው። ቀለም የተቀባ ላሜራ የሚያመርቱ ፋብሪካዎች ቀለሙ ሳይሰነጠቅ የሚታጠፍበትን ራዲየስ በውፍረት እጥፍ የሚለኩት ለዚህ ነው። ተሠርቶ ካለቀ በኋላ በቀለጠ ዚንክ ውስጥ የሚነከር ዕቃ የበለጠ ጥንቃቄ ይሻል፦ በቀዝቃዛው በጠባቡ የታጠፈ ብረት በ450 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ውስጥ ሲገባ በታጠፈበት በኩል ተሰባሪ ሊሆን ይችላልና። ኤ143 የተባለው የአሜሪካ ስታንዳርድ ለእንዲህ ያለው ሥራ የውፍረቱ 3 እጥፍ ራዲየስ ይመክራል። በኮረኮንች መንገድ ሲንቀጠቀጥ የሚውል የመኪና መያዣ ብረትም ከግድግዳ ላይ ከተሰቀለ ሳጥን ጋር አንድ አይደለም፤ ሳጥኑ ሰንበርን ይታገሳል፣ የሚንቀጠቀጠው ግን ከዚያው ሰንበር ይሰነጠቃል። እንዲህ ያለ ዕቃ ላይ ከውፍረቱ ልክ ወደ አንድ ተኩልና ሁለት እጥፍ ከፍ ማለት የሚያስቆጭ አይደለም።

እኔ ለነዳፊ የምመክረው ከውፍረቱ ልክ እንዲነሳና ከዚያ የሚያስለቅቀው ምክንያት ካለ ብቻ እንዲለቅ ነው፤ ምክንያቱ ብረቱ ሊሆን ይችላል፣ ልባጩ ወይም ንቅጥቃጤው። የአንድ ዕቃ መታጠፊያዎች ሁሉ አንድ ራዲየስ ይኑራቸው፤ ልዩ ልዩ ራዲየስ ማለት አጣፊው መሐል ላይ ቆሞ ዳይ ይለውጣል ማለት ነው። ንድፉ ላይ ደግሞ «ራዲየስ 2» ብቻ ብሎ ከማሰር፣ ሥራው የሚፈቅድ ከሆነ «ከ1.5 እስከ 2.5» ብሎ መጻፍ ወርክሾፑ ባለው ዳይ እንዲሠራ ያስችለዋል። ከሁሉ በፊት ግን ስልክ ደውሎ «ለ2 ሚሊሜትር የምትጠቀሙት ዳይ አፉ ስንት ነው?» ብሎ መጠየቅ ይቀድማል።

ወርክሾፑም የራሱን ቁጥር በናሙና ማግኘት ይችላል። ከሚሠራበት ላሜራ 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ቁራጭ በትክክል ይቆረጥ፣ በሚሠራበት ዳይ በ90 ዲግሪ ይታጠፍ፣ ሁለቱ ክንፎች በካሊፐር ከውጪ ይለኩ። አንዱ 40፣ ሌላው 63.5 ከሆነ ድምሩ 103.5 ነው፤ ከ100 የበለጠው 3.5 ለዚያ ላሜራና ለዚያ ዳይ የሚቀነሰው ቁጥር ነው። የውስጥ ራዲየሱ በራዲየስ መለኪያ ይታይ፤ የውጪው ፊትም በማጉያ መነጽር ይመርመር፤ ፊቱ እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሻከር ከጀመረ ብረቱ ወደ ወሰኑ ቀርቧል። ናሙናው በሁለቱም የመዳመጥ አቅጣጫ ቢሠራ የተሻለ ነው። ቁጥሩ ከላሜራው ዓይነት፣ ከውፍረቱና ከዳዩ አፍ ጋር ተጽፎ ማሽኑ አጠገብ ይለጠፍ፤ ለነዳፊዎቹም ይላክላቸው። አዲስ የላሜራ ጥቅል ሲገባ ውፍረቱም ጥንካሬውም ትንሽ ስለሚለያይ ናሙናው እንደገና ይታጠፋል።